ታዛዡ ሰርቨር

«ዛሬ ማታ ዶሮዋ ፊቷን ወደ ቦ-ሹን ታዙር» አሉ አለቃ ካንግ፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ። የተናገሩት ለሚስታቸው ነው። የተናገሩበት ቦታም ከብሎን ፋብሪካው ቢሮ ጀርባ ያለችው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆመው ማድ ቤት ናት። ቦ-ሹን ደግሞ ብርጭቆውን ይዞ ሙቅ ውሃ ሊቀዳ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። እሜቴ ዩዌ-ጂያው ለዓመት መዝጊያው ግብዣ የሚቀርበውን ዶሮ ይቀቅላሉ። የድስቱ ክዳን ይንቀጫቀጫል፣ እሳቸው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቦ-ሹን የታላቅ እህታቸው ልጅ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ እጁን ይዘው ወደዚህ ፋብሪካ ያመጡት፣ «እኔ እያለሁ ይሄ ልጅ አይቸገርም» ብለው በዘመድ ሁሉ ፊት የተናገሩለት እሳቸው ናቸው። እና ቦ-ሹን በሩ ጋ እንደቆመ የአክስቱን አፍ ጠበቀ። አንድ «ለምን?» ቢሉለት ይበቃው ነበር። የሰማው ግን የክዳኑን ጩኸት ብቻ ነው። ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ተመለሰ።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላል። በእኛ በታይዋን የጋንግሻን ሰዎች ዘንድ ግን ነገር በዶሮ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አሠሪ ሠራተኞቹን ይጋብዛል፤ ሙሉ ዶሮ ከነጭንቅላቷ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ በምንቃሯ ያየችው ሰው ከአዲስ ዓመት በኋላ እንዳይመለስ ተነገረው ማለት ነው። ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ማንም አይጨቃጨቅም። ሰውየው የቀረበለትን በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። አሁን አሁን አሠሪዎች ደግ መባል ስለሚወዱ ጭንቅላቷን ቆርጠው ማቅረብ ጀምረዋል። አለቃ ካንግም እስከ ዛሬ ምንቃሯን ወደ ራሳቸው እያዞሩ «በሉ እኔን አባሩኝ» ይሉና ይስቃሉ፤ እኛም እንስቃለን፣ መሳቅ ከሥራችን አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር አለቃ ካንግ ፈሪ ናቸው። ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ጋር ጠረጴዛ እየደበደቡ ይከራከራሉ፣ ሰውን ግን ፊት ለፊት «ሂድ» ማለት አይሆንላቸውም። አንድ ጊዜ ዘበኛውን ሊያሰናብቱ ፈልገው አፋቸው እምቢ ቢላቸው ሁለት ውሾች ገዙ። ዘበኛው ነገሩ የገባው ውሾቹን ራሱ ካለመዳቸው በኋላ ነው።

የቦ-ሹን ጥፋት ሥራውን መጨረሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የአለቃው ልጅ ጁን-ሆንግ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የማይከፈት ነገር ከፍቶ ቫይረስ አስገባና ማሽኖቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው ዋሉ። አለቃው ልጃቸውን መቆጣት ሲያቅታቸው ሽቦውን ተቆጡት፤ ጉጠት ይዘው ገቡና ወደ ማሽን አዳራሹ የሚሄደውን የኢንተርኔት መስመር በገዛ እጃቸው ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ የማሽኖቹ ኮምፒውተሮች አዲስ ፕሮግራም ባስፈለጋቸው ቁጥር ቦ-ሹን ቢሮ ሄዶ በፍላሽ ይቀዳና በእግሩ ያደርስላቸዋል። ፕሮግራም ደግሞ እንደ ሰርግ እንግዳ ነው፣ ብቻውን አይመጣም። አንዱን ስትጠራው «ያለ አጎቴ ልጅ አልገባም» ይላል፤ የአጎቱን ልጅ ስታመጣለት እሱም ሁለት ጓደኞቹን በር ላይ አቁሟል። ቦ-ሹን በቢሮና በአዳራሹ መሃል ሲመላለስ ይውላል፤ እኛም «ፖስተኛው መጣ» እያልን እንቀልድበታለን። ዘንድሮ ጁን-ሆንግ ታይፔይ አንድ ስብሰባ ላይ ውሎ ሲመለስ መላ ይዞ መጣ። ፕሮግራሞቹ ከነዘመድ አዝማዳቸው ተሰብስበው የሚቀመጡበት ሰርቨር እዚሁ ግቢ ውስጥ ይቁም፣ ማሽኖቹ የሚፈልጉትን ራሳቸው ከዚያ ይውሰዱ፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግ፣ ተመላላሽም አያስፈልግ። መላው መልካም ነው። ያን መላ በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ግን ያው ተመላላሹ ነበር።

ሰርቨሩ የተቀመጠው የተበላሹ ብሎኖች በማዳበሪያ ከረጢት በሚከመሩበት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ከተዘጋ የኢንተርኔት ቤት በስድስት ሺህ ዶላራችን የተገዛ አሮጌ ነው፣ የሲጋራው ሽታ ገና አልለቀቀውም። ቦ-ሹን «መጋዘኑ» ይለዋል። አንድ የፕላስቲክ በርጩማ፣ ክንፉ የጎበጠ ቬንትሌተር፣ ባንክ በነፃ ያደለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ፣ ሌላ ምንም የለም። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ከነተከታዮቻቸው ሲሰበስብ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ሲለይ፣ የየትኛው ማሽን ኮምፒውተር የትኛውን እንደሚስማማው ሲሞክር ሳምንታት አሳልፏል። ለዛሬ የቀረው ማውጫውን ማዘጋጀት፣ የፕሮግራም ጥቅሎቹን ማተምና ለማሽኖቹ የመጋዘኑን አድራሻ መስጠት ነበር። ማሽኖቹ የሚቀበሉት የመጋዘኑ ማኅተም ያለበትን ጥቅል ብቻ ነው፣ ማኅተም የሌለው ከደጅ ይመለሳል። ይህን ለአለቃው ሊያስረዳቸው ሲጨነቅ ቆይቶ «ባንክ ቤት እንደሚወስዱት ማኅተምዎ ነው» ቢላቸው ወዲያው ገባቸው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸው፤ «ማኅተም ሜዳ ላይ አይጣልም» ብለው ቅጂውን በፍላሽ አስደርገው፣ ፍላሹን በቀይ ፖስታ ከተው ከፋብሪካው ማኅተም ጋር ካዝና ውስጥ ቆለፉበት።

ያን ዕለት ጠዋት ቦ-ሹን ባዶ ብርጭቆውን ከጎኑ አስቀምጦ ማተሙ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ማኅተሙን ቢተወው ማሽኖቹ አንድም ጥቅል አይነኩም። ጁን-ሆንግ ምክንያቱን እስከ ሰኔው የጀልባ በዓል ድረስ ቢፈልግ አያገኘውም፣ ፖስተኛውም ወደ ፖስታው ይመለሳል። ማንም አይነቃበትም። የአክስቱ ባል ላይ አልተናደደም፤ አለቃ ካንግ ካንግ ናቸው፣ ከዝናብ ጋር አይጣሉም። የተናደደው አክስቱ ላይ ነው። ዶሮ እየቀቀሉ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከዶሮዋ ምንቃር ይልቅ ወጋው። ነገር ግን ሥራውን ወዶታል፤ ከተሰበሰቡት ጥቅሎች እያንዳንዱን ያውቀዋል፣ የቱ ከማን ጋር እንደማይስማማ፣ የቱ ያለ ማን እንደማይንቀሳቀስ ያውቃል። ሆን ብሎ ማበላሸት የለበሰ ልጅን ራቁቱን ደጅ እንደማውጣት ሆነበት። አተመው። ወዲያው ጁን-ሆንግ በሩን ገፍቶ ገባና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ያልቃል አይደል? ማታ ለአባባ አበስራለሁ ብያለሁ።»

«ያልቃል።»

«ከእኛ ጋር ነው የምትቀመጠው፣ እሺ? ቦታ ይዤልሃለሁ።»

ቦ-ሹን አመሰገነው። ጁን-ሆንግ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰውን ሲጎዳ እንኳ ፈገግታው ከልቡ ነው። ሲወጣ መብራቱን ረስቶ አጠፋው፣ ቦ-ሹን ተነስቶ አበራ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛ እስከ ምሳ ድረስ ሁላችንም ሰምተን ነበር፣ ቦ-ሹን ብቻ ያልሰማ መስሎን ነበር። የዚያን ቀን ምሳ ከወትሮው የተሻለ ነው፤ አለቃው የሰማንያውን ትተው የዘጠና ዶላሩን አዝዘውልናል፣ ሩዙ ላይ የተጠበሰው የአሳማ ሥጋ ከዳር ዳር ይደርሳል። ማንም ግን ጥሩ አልበላም። ቦ-ሹን የምሳ ዕቃውን ይዞ መጥቶ ከመሃላችን ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ ስለ አየሩ ሆነ። አየሩ ደግሞ ምንም አልነበረውም፣ የብርድ ወራት ፀሐይ ብቻ ነው። ሰባተኛውን ማሽን የሚያሠራው ጉዋን፣ ከሁላችንም ሸምገል ያለው፣ በአኩሪ አተር መረቅ የተቀቀለውን የራሱን ቡናማ እንቁላል በቾፕስቲክ አንስቶ ቦ-ሹን ሩዝ ላይ አኖረለት። ቦ-ሹን ምነው ቢለው ሐኪም ከልክሎኝ ነው አለ። ሐኪም ቤት ረግጦ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቦ-ሹን እንቁላሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መለሰለት። አብረው በሉ።

ከምሳ በኋላ መጋዘኑ የተሞከረው በዚሁ በጉዋን ማሽን ነው፣ ከሁሉ አሮጌና እልኸኛ ስለሆነ። ቦ-ሹን አድራሻውን አስገባለትና አንድ ፕሮግራም ጠየቀ። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ማሽኑ አንድ የጎደለ ነገር ጠርቶ ይቆም ነበር፣ ቦ-ሹንም ፍላሹን ይዞ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ስሞች በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ወረዱ፤ የተጠራው ከነአጎቱ ልጅ፣ ከነጓደኞቹ መጣ፣ ማኅተሙ ታየ፣ ተቀባይነት አገኘ፣ አለቀ። ቦ-ሹን ሳያስበው ፈገግ አለ። በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ነገር ሠርቶ አያውቅም፣ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደው። ጉዋን ስክሪኑን አይቶ፣ የቦ-ሹንን ጫማ አይቶ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«አሁን አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«ዛሬ ማታ እበላለሁ፣ አጎት ጉዋን» አለ ቦ-ሹን።

ከሰዓት በኋላ አክስቱ ወደ ዕቃ ቤቱ መጡ። በእኛ አገር ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ማሽኑ አናት ላይ አንድ ከረጢት የልጆች የበቆሎ ቺፕስ ያስቀምጣል፤ የቺፕሱ ስም «ታዘዝ» እንደማለት ነው፣ ማሽኑም ያንን እያየ ይታዘዛል። ትልቅ ባንክ ብትገቡ፣ ሆስፒታል ብትገቡ ከሰርቨሩ ላይ አታጡትም፤ በዶክትሬት የተመረቁት ሳይቀሩ «እኛስ አናምንበትም» ይሉና ቀኑ እንዳያልፍበት በየጊዜው ይቀይራሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት። ቢጫ ያስቀመጠ ሰው ማሽኑን «ዛሬ አትሥራ» እንዳለው ይቆጠራል፤ ቀይ ካስቀመጠማ ሥራውን ይልቀቅ። ይህን ሕግ በፋብሪካው ውስጥ ከእሜቴ ዩዌ-ጂያው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ያሉትን ከረጢቶች ቀናቸውን እያዩ የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ይዘው የመጡት ግን ቢጫ ነበር።

«አረንጓዴው አልቋል አሉኝ» አሉ። «የዓመት መጨረሻ አይደል።»

ቦ-ሹን ከረጢቱን ተቀበላቸው። አክስቱ ፊቱን አላዩትም፤ በሽርጣቸው ጫፍ የሰርቨሩን አቧራ ጠረጉ፣ አቧራ ያልነበረበትንም ጠረጉ። የዶሮው መረቅ ሽታ ልብሳቸው ላይ አለ። ምሳ በላህ አሉት፣ በልቻለሁ አለ። ሥጋው ጥሩ ነበር አሉት፣ ጥሩ ነው አለ። በዘመዳሞች መሃል ከዚህ በላይ ንግግር ምን ያስፈልጋል? ቦ-ሹን ጠዋት በሩ ጋ እንደነበረ ሊነግራቸው አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ዋጠው። ለእሱ የሚሆን ነገር ሱቅ ውስጥ እንኳ አልቆ መገኘቱ የዚያን ቀን ዕድሉ መሰለው፤ አክስቱም ሁለተኛ ሱቅ ለመሄድ ያልተቸገሩለት ሆኖ ተሰማውና ሆዱ ባሰው። ቢጫውን ከረጢት ሰርቨሩ አናት ላይ አስቀመጠ። እሳቸው የሰርቨሩን መብራቶች ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ፣ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል። መብራቶቹ ቢጫ አረንጓዴ ሳይሉ ብልጭ ድርግም ማለታቸውን ቀጠሉ። እሜቴ ተነፈሱና ወደ ዶሮዋ ሄዱ።

ግብዣው የተሰናዳው በመመገቢያ ክፍሉ ነው፣ ቀይ ላስቲክ በለበሱ ሁለት ክብ ጠረጴዛዎች። የአለቃው ጠረጴዛ መሃል በእጅ የሚዞር ትልቅ የመስታወት ሰሌዳ አለው፣ ምግቡ እሱ ላይ ይቀመጥና ሁሉም ወደ ራሱ እያዞረ ያነሳል። ቦ-ሹን ከአለቃው ፊት ለፊት፣ በተያዘለት ቦታ ተቀመጠ። ከጎኑ ጉዋን። ጁን-ሆንግ ክራቫት አስሮ ተነሳና ስለ መጋዘኑ ተናገረ፤ ከእንግዲህ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ፍላሽ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይኖርም አለ፣ ይህም የሁላችንም ድል ነው አለ። አጨበጨብን። ቦ-ሹንም አጨበጨበ፣ ምን ያድርግ። አለቃ ካንግ እንደተለመደው ብርጭቋቸውን አንስተው ሁላችንንም እንደ ቤተሰብ እንደሚያዩን ተናገሩና ለሚስታቸው በዓይናቸው ጠቀሱ። እሜቴ ዶሮዋን በትልቅ ሳህን ይዘው ገቡ። ከባሏ ትእዛዝ ወጥታ የማታውቅ ሴት እንደምታደርገው፣ ምንቃሯን አስተካክለው ቦ-ሹን ፊት አኖሯት።  ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለነው እንኳ ቾፕስቲካችንን አስቀመጥን።

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር፣ ጁን-ሆንግ ሾርባ ባያምረው ኖሮ። ሾርባው በወዲያ በኩል ነበርና እጁን ሰዶ ሰሌዳውን አዞረው። ዶሮዋ ከቦ-ሹን ፊት ተነስታ ጉዞ ጀመረች፤ ጉዋንን አየችው፣ ጉዋን ዓይኑን ጨፈነ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋን አየች፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ ሾርባው ጁን-ሆንግ ፊት ሲደርስ በምንቃሯ የሽያጭ ሠራተኛውን ቀጥ አድርጋ አይታ ቆመች። የሽያጭ ሰውየው «ይቅርታ፣ ዓሣውን ላንሳ» አለና ዓሣ ሳያነሳ አዞራት። ያየችው ሁሉ አንድ ነገር ያምረዋል፤ አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ስንጥር። ዶሮዋ ሁለት ጊዜ ዞራ በመጨረሻ ጁን-ሆንግ ራሱን አፍጥጣ አየችው፣ እሱም ሾርባው ትንታ ሆነበት። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው፣ የሚበላ ግን የለም፤ እጅ የሚዘረጋው ለማዞር ብቻ ነው። አለቃ ካንግ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ዓመቱን ሙሉ ያሰቡት ንግግር በማይታዘዝ መስታወት ላይ ይሽከረከር ነበር።

«ተዉት፣ አታዙሩት» አሉ በመጨረሻ።

ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ያኔ እሜቴ ዩዌ-ጂያው፣ እስከዚያ ሰዓት ከኋላ ቆመው ሲያቀርቡ የነበሩት፣ የፕላስቲክ በርጩማ ጎትተው በጉዋንና በቦ-ሹን መሃል ተቀመጡ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ በዓመት መዝጊያ ቀን ሲቀመጡ አይተናቸው አናውቅም። በአንድ ጣታቸው ሰሌዳውን ገፉት፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ምንቃሯ እሳቸው ፊት ሲደርስ አቆሙት። አለቃ ካንግ መጀመሪያ ያልገባቸው መሰሉ። ከዚያ ነገሩን ወደ ቀልድ ለመመለስ ሞከሩ።

«አንቺን ማን ቀጠረሽና ነው?»

«እኮ» አሉ እሜቴ። «ያልተቀጠረ አይባረርም።»

የሳቀ የለም። እሳቸው የዶሮዋን አንገት በግራ እጃቸው ይዘው ጭንቅላቷን ጠምዘዝ አድርገው ነቀሉት፣ ሳህናቸው ላይ አኖሩትና መብላት ጀመሩ። ዶሮ ጭንቅላት የበላ ያውቃል፣ ሥጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ብዙ ነው። አልቸኮሉም። ቆዳውን፣ ጉንጩን፣ ከአጥንት ስር ያለውን ሁሉ እየመጠጡ በሉ፣ እኛ ሁላችን ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው። አለቃ ካንግ ጭንቅላት አልባዋን ዶሮ አዩ፣ ቦ-ሹንን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ዶሮዋ አፍ አልቀራትም፤ የሚነገር ነገር ካለ አሁን በራሳቸው አፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን አፍ ያያል። ቦ-ሹንም ቀና ብሎ አያቸው፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ብላ እንጂ» አሉት አለቃ ካንግ። «ቀዘቀዘ እኮ።»

በላ። ሁላችንም በላን፣ እንዲያውም ጠግበን በላን። ወደ መጨረሻው ላይ አለቃ ካንግ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቋቸው፣ የከርሞውን ዶሮ እኔ ራሴ ነኝ የማዘው ሲሉ ተሰሙ።

«እዘዝ» አሉ እሜቴ፣ አንዲት አጥንት ከከንፈራቸው እያወጡ። «ጭንቅላቱን እወደዋለሁ።»

ሰው ሲበተን ቦ-ሹን ሳህኖቹን ደራርቦ ወደ ማድ ቤት ወሰደ። አክስቱ ድስቱን እያሹ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ክፍል ናት፣ እሱ ግን ትከሻውን አጥብቦ ገባና የታጠበውን እየተቀበለ ማድረቅ ጀመረ።  ሲቆይ አክስቱ፣ ድስቱን ሳይለቁ፣ ያ ዕቃህ ታዘዘ ወይ ብለው ጠየቁት።

«ታዘዘ። በቢጫውም ታዘዘ።»

«የማይረባ» አሉ እሜቴ፣ ስለ ቺፕሱ ይሁን ስለ ሰርቨሩ አልታወቀም።

ቦ-ሹን አንድ ሳህን አደረቀ፣ ያንኑ ሳህን እንደገና አደረቀው።

«አክስቴ፣ እውነት አረንጓዴው አልቆ ነበር?»

እሜቴ ዩዌ-ጂያው የድስቱን ክዳን ከውሃው አወጡ፣ አራገፉት፣ ሰጡት።

«ሞልቶ ነበር» አሉ።

ቦ-ሹን ክዳኑን ይዞ ቆመ። ጠዋት በሩ ጋ የሰማው ዝምታ ምን እያዘጋጀ እንደነበር አሁን ገባው። ክዳኑን አድርቆ ቦታው ላይ ሰቀለ። ከዚያ ያቺን ባዶ ብርጭቆ ከዕቃ ቤቱ አምጥቶ ሙቅ ውሃ ቀዳ፣ ለእሳቸውም ቀዳላቸው።